አራት መዳፍ

«ጥርሱን እየው» አለኝ የሸጠልኝ ሰው፣
«ገና አዲስ ነው፤ አስፋልት መች ቀመሰው!»
እውነቱን ነው፤ ጥርሱ ሙሉ፣ ጥቁረቱ ያንጸባርቃል፤
ጎማ ግን ቁጭ ብሎም ያልቃል።

አክረን ውስጥ፣ ከተዘጋው ፋብሪካ ማዶ፣
ዶይል ሃቸር የሚሉት ጎሚስታ አለ፤
ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲጋግር ኖሮ፣
በሩ ሲዘጋበት ክሪኩን ይዞ፣ መንገድ ተሻግሮ
ሱቅ የከፈተ።

መኪናዬን ሲያይ አፏጨ፦
አረንጓዴ ኤም ጂ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣
ከእኔ በሦስት ዓመት የምትበልጥ፣
የሽቦ ቸርኬዋ ዛሬም ከመነዳሪ የሚጠይቅ።
ከዚያ ተንበረከከ፤
የጎማውን ጎን በጣቱ ዳበሰ፤ አራት ቁጥር፦
ሠላሳ አንድ፣ ዜሮ አራት።
«ሁለት ሺህ አራት፣ ሠላሳ አንደኛው ሳምንት፤
ጁላይ ማብቂያ ነው የተወለደው።»
በልቤ ወደ እኛ ዘመን መለስኩት፤ ሐምሌ፣ ዘጠና ስድስት።
ዕድሜው አንድ ቀን አልቀነሰም።

የአውራ ጣቱን ጥፍር ጎማው ላይ ተከለ፤
ጥፍሩ ተጣመመ፣ ጎማው ምልክት እንቢ አለ።
ከጥርሱ ሥር፣ ዙሪያውን፣ ጸጉር የሚያክል ስንጥቅ።
«ውስጡን ለቄስ» አልኩ ለራሴ።
«ምን አልክ?»
ተረጎምኩለት።
«የእኛ ፓስተር ስለ ጎማ ምንም አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

ሁለት ጎማ ግድግዳ አስደግፎ አቆመልኝ።
አንዱ ሰፊ፣ ትከሻው ድፍን፣
ዋጋው የማያስደነግጥ፣ ዛሬውኑ የሚገጠም።
አንዱ ቀጭን፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ በድሮው ልክ፣
መቶ ስድሳ አምስት በአሥራ አራት፤
ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ፣
ስድስት ሳምንት የሚያስጠብቅ፣ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል።

«ሰፊው ፓራፋንጎህን ይልሳል» አለ፣
«መሪውንም ያከብድብሃል፤ የዚች መኪና አጋዥ ክንድህ ብቻ ነው።
ግን ይይዛል። ዝም ብሎ ይይዛል፣ ይይዛል፣ ይይዛል፤
የለቀቀ ቀን አይነግርህም።
ቀጭኑ ቶሎ ይለቃል።
ከመልቀቁ በፊት ግን ያፏጫል፣ ወገቡን ያወዛውዛል፣
ተው ይልሃል።»

መዳፉን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋ።
«መሬት የሚነካው ይሄን የሚያክል ነው። አራት መዳፍ።
ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ ያንተ ኩራት፣
ሁሉም እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው።»

ለትርሲት ደወልኩ።
«በዝናብ የሚቆመው የትኛው ነው?» አለች፣
«አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ መልክ አትምረጥልኝ።»
«ሁለቱም ይቆማሉ። አንዱ ቀድሞ ይናገራል፣ አንዱ አይናገርም።»
ዝም አለች።
ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር ይሰማኛል።

አሥራ ስድስት ዓመት እሷ ነች የምታፏጭ፤
በየኩርባው፣ ገና መታጠፊያው ሲታያት።
እኔ እይዛለሁ። በዚህም እመካ ነበር።
አንድ ጊዜ ለቅቄም አውቃለሁ፤
ደረቅ መንገድ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣
ሦስት ቀን።

«አምስት አድርገው» አልኩት ዶይልን፣ «ከነስኮርታው፤ ከቀጭኑ።»
አሮጌዎቹን ለማስወገድ በራስ አራት ዶላር አስከፈለኝ፤
እየወረወረ ሲከምራቸው
እንደ አዲስ ነጠሩ።

አሁን መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ አራት ብረት ላይ ቆማለች፤
እግር የላት፣ መሬት አትነካ።
ትናንት ማታ ትርሲት ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና
በቀኝ ወንበር ተቀመጠች።
መሪውን ይዤ ጠበቅኩ።
«ስንት ትሄዳለች?»
«አሁን? ዜሮ።»
በሩን ሳበችና ዘጋችው።
«በዚህ ፍጥነት ከሆነ» አለች፣
«ንገረኝ።»