ሰዓቱ አልሰማም

«ታንቃ ነው» አለኝ ይመር በማለዳ፣
ኮምቦልቻ መውጫ፣ ከሰይድ ብየዳ።
«ፋብሪካው ነው ያነቃት፣ ጉሮሮዋን አጥብቦ፤
እስትንፋስ ቆጥረው ነው የሰጧት እኮ፣ አቦ!
ይህን ጥቁር ሣጥን ነቅዬ ብጥልላት፣
በክንድ ሙሉ ቱቦ አየር ባጠጣት፣
ሐረጎ ምን አላት?»

እኔ ረዳት ነኝ፤ ረዳት አይመክርም፣
ታኮ ይይዛል እንጂ ከሾፌር አይከርምም።
ብቻ ሦስት ማክሰኞ፣ ሲሚንቶ እንደጫንን፣
ከኮምቦልቻ መውጫ ሰዓት እየያዝን፣
ደሴ መግቢያ ኬላ እስክንደርስ ድረስ፣
ሃምሳ አራት ደቂቃ፣ ሳይበዛ ሳያንስ።
ከዘይት ደብተሩ ጀርባ ጽፌው ነበር፣
ለምን እንደጻፍኩት እኔም አላውቅ ነበር።

ሣጥኑ ተነቀለ፤ ቱቦው ተበየደ፤
አራት ሺህ አምስት መቶ በአንድ ቀን ነጎደ።
ይመር ቁልፉን ሲያዞር ሰፈሩ ተናወጠ፣
ጎሚስታው ጋ የቆመ አህያ አመለጠ።
«ሰማህ?» አለኝ፤ ጥርሱ ከጆሮው ደረሰ፤
«ሰማሁ» አልኩ፤ እውነት ነው፤ ሆዴ ተላወሰ።

ሐረጎን ጀመርነው።
ገደሉ ድምፃችንን ተቀብሎ መልሶ፣
ሁለት መኪና አረገን፣ አንዱን ካንዱ ለውሶ።
ሚኒባስ ደንግጣ ዳር ያዘችልን፤
የመንገድ ሠራተኞች አካፋ አነሡልን፤
ይመር ትከሻውን ለብቻው ነቀነቀ፤
«በረረች!» እያለ ፊቱ ላብ አፈለቀ።

ኬላው ጋ ስንቆም ስልኬን አወጣሁት፤
ሃምሳ አራት ደቂቃ። መስታወቱን አሸሁት።
ሃምሳ አምስት ሊሆን ነው።
ምን ብዬ ልንገረው?
ድምፁን ገደል ሰማ፣ ሚኒባሷም ሰማች፣
ያች የጎሚስታው አህያም ሰማች፤
ሰዓቱ አልሰማም።

ሰዓዳ አራጋው መካኒክ ናት፣ ያውም
ከግራሶ በቀር እጅጌ የላትም።
የተጣለውን ሣጥን ከጥራጊ መዛ፣
የድሮውን ፊልትሮ እንደ ሕፃን ይዛ፣
አንዴ ከድንጋይ ጋር አጋጨችው፤ ፈሰሰ
የባቲ አቧራ፣ እግሯ ሥር ነፈሰ፤
የማሽላ ገለባ፣ የአንበጣ ክንፍ ቁራጭ፣
የሁለት ዓመት መንገድ፣ ያልተራገፈ ዕጭ።

«አብሽር ይመር» አለች፣ «ያነቃት ይኸው ነው፤
ፋብሪካው ምን አረገ? አስቦ የሠራው ነው፤
አፏን ከጋቢና ኋላ፣ ከላይ አንጠልጥሎ፣
ቀዝቃዛውን ነፋስ ይስባል፣ ከፍ ብሎ።
አንተ ቱቦህን ከሞተሩ ጎን አስተኝተህ፣
የራሷን ትኩሳት ትግታታለህ መልሰህ።
ዳገቱ ሲጨምር አየሩም ይሳሳል፤
አፍ ስላሰፋህ ሰማይ ይጨምርልሃል?
ናፍጣው ሳይለካ፣ ሌላው ሳይስተካከል፣
አፍ ከፍቶ መዋል ነው፣ ያለ ጉርሻ መዋል።»

ይመር ዝም አለ።
አንዲት ብሎን በእግሩ ወዲያ ወዲህ አለ።

አዲስ ፊልትሮ ገባ፣ ሣጥኑም ከነጭረቱ፤
ማክሰኞ ወጣን፣ ያው ጭነት፣ ያው ዳገቱ፤
ሃምሳ አንድ ደቂቃ።
ሦስቷን ከአቧራ ተቀበልናት፤
ማንም ዞሮ አላየን፣ ማንም አልሰማት።
ይመር ግን ደሴ ድረስ ቃል ሳይተነፍስ ነዳ፣
ቀብር ውሎ እንደሚገባ፣ አንገቱን እንደ ደፋ።

ቱቦው የት ገባ ካላችሁ፣ አልተሸጠም፤
ለቆራሌው እንኳ ይመር አልሰጠም።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤቱ ጣራ ጫፍ፣
አሸንዳ ሆኖ አለ፣ ሲጠብቅ ዶፍ።
ነሐሴ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲወርድበት፣
ያ ሰፊ ጉሮሮ ያገሳል ከሌሊት፤
ይመር ጃኬት ደርቦ ደጃፉ ላይ ይቆማል።
እኔን ሲያየኝ፣ ያው፣ ጥርሱ ከጆሮው ይደርሳል፤
«ሰማህ?»
ስልኬን ከኪሴ ሳላወጣ፣
«ሰማሁ» እለዋለሁ።