ያበጠው ከእናቷ

ማታ ሒሳብ ስዘጋ፣ ከዚራ፣ ዳቦ ቤት፣
ዝርዝር ሳንቲም ስቆጥር በዚያች ደካማ መብራት፣
ዱቄት የለበሰች አንዲት ሃምሳ ሳንቲም ጣቴን ያዝ አረገችው፤
የአንበሳው ጎፈር ወደ ጎን ተጎትቶ፣
ከጠርዙ ሊፈስ ምንም አልቀረው።

ከረጢት የሚያወርደው ሬድዋን አያትና ዘለለ በደስታ፦
«ስህተት ናት! ማተሚያው ሲመታት ተንሸራትታ!
እንዲህ ያለችዋ የባጃጅ ቀብድ ታወጣለች አሉ፤
ለማንም አታሳዪ!» ብሎ አስማለኝ፤
እሱው በማግስቱ
ለግማሽ ቀፊራ አውርቶ ጠበቀኝ።

«አው አብዶሽ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። ሄድሁ ከቀትር በኋላ፣
ድሬ በሯን ዘግታ ስታንጎላጅ ከጥላ።
ለገሃር መስኮት ሥር፣ በሸመንደፈር ዘመን፣ ትኬት ሲቆርጡ ኖሩ፤
የተጠረጠረ ገንዘብ በብስኩት ቆርቆሮ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያኖሩ።
ባቡሩ ሲቀር ቀሩ።
ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ የፊቴን ላብ ሳያዩ
ፊቷን አገላብጠው አዩ።

ከእብነ በረድ ላይ ጣል አርገው ጆሮ ሰጧት፤
በወርቅ ሚዛን፣ ከጤነኛ እህቷ ጋር መዘኗት፤
በሁለት ጣት ይዘው፣ እንደ እንዝርት አሾሯት።
«አንዳንዷ ፊቷ ሲቀና ጀርባዋ ይጠምማል፤
ማህተሙ ከመቀመጫው ዞሮ ይሆናል።
አንዳንዷ ፊደሏ መንታ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ልብ በዪ፣
መንታና ጥላ ለየቅል ነው፣ አጣርተሽ እዪ፤
መንታ ፊደል ሁለት ራስ፣ ሁለት እግር አለው፤
ጥላ ግን ብረት ነጥሮ ሲመለስ የላሰው ነው።
ይህን ሁሉ ብትረሺ» አሉ፣ ጥፍራቸው ከአንበሳው አገጭ ሳይነሣ፣
«አንዲቷን እንዳትረሺ፦
ያበጠው ከእናቷ ነው፤
የጎደጎደው ከእኛ።»

ማህተም ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁን ብረት ይሞላዋል፤
ሳንቲሟ ስትወለድ መስመሩ ከገላዋ በላይ ይቆማል።
«እናንተ ‹ማርያም የሳመችው› የምትሉት ያንን ነው።
ሚስማር፣ ቢላ፣ መዶሻ፣ የልጅ ጥርስ ግን
መቆፈር እንጂ ማሳበጥ አያውቅም፣ ከየትም ቢመጣ እጁ።»

እጄ ሳላዘው ወጣ፣ ወደ ቅንድቤ ጥግ።
እናቴ «ማርያም የሳመችሽ» እያለች ያሳደገችኝ ምልክት፣
ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ጌጥ የተሸከምኩት።
ዳሰስኩት።
ጎድጓዳ ነው።

አው አብዶሽ አላዩኝም። ሳንቲሟን ለብርሃን አዘንብለው
ሳቁ፣ ሁለት ጥርስ በቀረው አፋቸው፦
«ይቺን የመታት ማተሚያ አይደለም፣ ልጄ፤ የጧቱ የጅቡቲ ባቡር ነው።
ልጆች በምራቅ አጣብቀው ሐዲድ ላይ ያስተኟት ነበር፣
ተለጥጣ ምላጭ ስትሆን ሊያዩ።
ይቺ ፈርታ ዘልላለች፤ መንኮራኩሩ ጠርዟን ቀምሶ ተዋት።
የራሴን ልጅ፣ በዚሁ ነገር፣
በቀበቶ…»
አልጨረሱትም። ቆርቆሮውን ከደኑት።
«ዋጋዋ ሃምሳ ሳንቲም ነው። እሱንም የሚቀበልሽ ከተገኘ።»

ሬድዋን ጥግ ላይ፣ ጫቱን ጉንጩ ሥር ወትፎ፣ ቆሞ ይጠብቃል።
«ስንት አሏት?»
«ሃምሳ።»
«ሃምሳ ሺ?!» ብሎ መሬት ቁጭ አለ፤
እስካሁን ሳይነሣ አልቀረም፣ እንደ ሙቀቱ ከሆነ።

ማታ እናቴ ልብስ ታጥፋለች፣ አልጋው ጫፍ።
«ይህ ምልክት ከየት ነው?»
«ስንቴ ልንገርሽ፣ ማርያም ናት» አለች፣ ቀና ሳትል።
«ጎድጓዳ ነው፣ እማ።»
በእጇ ያለውን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ፈታችው፣
እጅጌውን ደግማ አጠፈችው።
«እንግዲያ» አለች፣
«ጠበቅ አድርጋ ስማሽ ይሆናላ።»