የኋላ መስታወት

ቱቫ ጠዋት ደወለች፤ «ዛሬ ይወጣል» አለች፤
«ሰባት ሳምንት ግድግዳ በቃ፤ ፀሐይም ብቅ ብላለች።»
እሷ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ ስልሳ ሦስት፤
መራመድ ታስተምረኛለች እንደ አዲስ፣ ከአልጋ እስከ መስኮት።

ዳሌዬ ውስጥ ብረት አለ። ሐኪሙ ፎቶውን አሳይቶ
«ከአጥንትህ ጋር ግጥም ብሏል» አለኝ፣ በጣቱ ነክቶ።
ግጥም ከሆነስ፣ አልኩ በልቤ፣ ቸኩሎ ማን አነበበ?
ቤት እስኪመታ ይጠበቃል፤ ስንቱ ስንኝ አነከሰ!

ሕጓን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌያታለሁ፦
እግር ማነባበር የለም። ዝቅ ያለ ወንበር የለም።
ሽቅብ ጤነኛው ይቅደም፤ ቁልቁል የታመመው፤
የወደቀ ነገር አታንሳ፣ ገንዘብም ቢሆን ተወው።

አርባ አንድ ደረጃ ነው። የታመመው፣ ጤነኛው። የታመመው፣ ጤነኛው።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቴ እልሳ-ማርታ ሰላም አለችኝ፤
ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሳ ወገቤ ክልክል ነው፤
በዓይኔ ብቻ ጎነበስኩላት፤ የገባት መሰለኝ።

የምርኩዜ ጫፍ ጥርስ አለው፤ በረዶውን ይነክሳል፤
ቤት ስገባ አጥፈዋለሁ፣ እንደ ጨዋ ውሻ አፉን ይዘጋል።
ማዘጋጃ ቤቱ ጠጠር በትኗል፤ እሱስ ይመስገን፤
በግንቡ ጥላ ሥር ግን በረዶው ጥቁር ነው፣
እርጥብ አስፋልት መስሎ ይጠብቃል፤
ስንቱን ወጣት ፈንግሏል፤ እኔንማ በስሜ ያውቀኛል።

ስኩተር መንገዱ ላይ ተጋድሟል፣ ጌታው ጥሎት የሄደ በቅሎ ይመስል።
ዞርኩት።
ዱሮ በዘለልኩት ነበር።

ትራሙ መጣ።
ይህን ብረት ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ፣
ጎተንበርግን ከዳር እስከ ዳር፣ በዝናብ፣ በጨለማ፤
በየኩርባው ሲያፏጭ የቱ ጋ እንደሆንን በጆሮዬ አውቃለሁ።
ከታች ሆኜ ግን አይቼው አላውቅም፤
ደፉ ለካ ይህን ያህል ከፍ ይላል።

ያኔ ሰውን የማየው በመስታወት ነበር፤
ሽበቱን፣ ምርኩዙን፣ የሚንቀጠቀጠውን እጅ።
ፊት ለፊቴ ደግሞ ቀይ ቁጥር አለ፤ ሁለት ደቂቃ ዘግይተሃል የሚል።
አንዲት ሴት ነበረች። አረንጓዴ ካፖርት፣ በፌስታል ብርቱካን።
በሩን ዘጋሁ፤ ሳትቀመጥ ተነሳሁ፤ ወደቀች።
ብርቱካኑ እኔ ድረስ ተንከባሎ መጣ።
አልጮኸችም። አልሰደበችኝም።
«ደህና ነኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፤ ለቃቅማ ወረደች።
አንዱን ግን አላገኘችውም፤
ማታ ዴፖ ስገባ ወንበሬ ሥር አየሁት፤
አልበላሁትም፣ አልጣልኩትም፤
እስኪደርቅ መሳቢያዬ ውስጥ ኖረ፤ ለማንም አልነገርኩትም።

ጤነኛው ይቅደም። ወጣሁ።
አንድ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ተነሳልኝ።
ቀኝ እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁ፤ ብረቱን ጨብጬ፣
ቀስ ብዬ፣ ልክ ቱቫ እንዳሳየችኝ፣ ወረድኩ ወደ ወንበሩ።
ትራሙ አልተነቃነቀም።
አሁንም አልተነቃነቀም።
ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች፤
የማላውቃት ወጣት ሾፌር። ማን እንደሆንኩ አታውቅም።
ትጠብቀኛለች።
ቀዩ ቁጥር ፊቷ ላይ እየቆጠረ እንደሆነ
ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?
አገጬን ነቀነቅኩ፤ ያኔ ሄድን፤ ውኃ ላይ እንደሚሄድ ነገር።

ያርንቶርዬት ወረድኩ፤ የብረት አደባባይ ማለት ነው፤
ብረቴን ይዤ ብረት ላይ ቆምኩ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ።
ከጥጉ ሱቅ ደጃፍ ብርቱካን ተከምሯል።
አንድ ገዛሁ።
ቢወድቅብኝ ማንሳት አልችልም፤
ኪሴ ከተትኩት፣ ዚፑን ዘጋሁ፤
የመልሱን ትራም ስጠብቅ በጨርቁ ላይ ዳሰስኩት፤
አለ።