ቀሪ ሁለት

ዝናቡ ከባሕር ተነስቶ ኮረብታችንን ሲወቅጥ፣
መንደሪን ስለቅም ውዬ፣ ደክሜ ሣጥን ላይ ስቀመጥ፣
ኤተሪ ደብተሯን ይዛ ከጉልበቴ ሥር ትመጣለች፤
«አባዬ፣ ሰማንያ ስንት ነው?» ብላ ታፋጥጠኛለች።

መምህርት ላምዚራ በአሥር በአሥር ነው የምታስረው፤
እንጨቱን በላስቲክ ጠምጥማ «ስምንት እስር» ነው የምትለው።
በእኛ አፍ ግን ሰማንያ ለብቻው ስም የለውም፣
«አራት ሃያ» ነው የምንለው፤ አያቶቻችንም ሌላ አላሉም።
ዘጠና ሦስት ስንል፣ «አራት ሃያና አሥራ ሦስት»፤
ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣
ምላሷ በሃያ ይሄዳል፣ እርሳሷ በአሥር፣
መሃል ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

እኔ ስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሻይ ፋብሪካ ነው የገባሁ፤
ማስተማር አልችልም።
ካልሲዬን አወለቅሁ።

«ነይ፣ ጫማሽን አውልቂ፤ ሃያ ማለት አንድ ሰው ነው፣
እጁ አሥር፣ እግሩ አሥር፤ ሙሉ ሰው እንዲህ ነው።»
ናዚብሮላን ጠራናት፣ ሳህን ከምታጥብበት፣
ክንዷ አረፋ እንደለበሰ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋችበት።
ቴንጎን ከአልጋው አነሳነው፣ የሰባት ወር እንቅልፋም፤
የእግሩ ጣት ባቄላ ታህላለች፣ ሲነኳት ትታጠፋለችም።
አራት ሃያ ሆነን ምድጃውን ከበብን።

ኤተሪ እየነካች ቆጠረች። እናቷን ጨረሰች፣ ወንድሟን፣ ራሷን።
እኔ ጋ ስትደርስ ድምጿ ቀጠነ።
«ሦስት ሃያና… አሥራ ስምንት።»
ደገመችው። ሦስት ሃያና አሥራ ስምንት።

ግራ እጄን ከጭኔ ሥር ሸጉጬው ነበር፣ ልማድ ነው፤
ቅጠል መጠቅለያው ማሽን ሁለቱን ከነጠቀኝ ጀምሮ የመጣ ነው።
እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር። ሰው ጉድለቱን ይለምዳል።
ልጅ ግን ይቆጥራል።

በማግሥቱ ፈተና ላይ «አራት ሃያ = 78» ብላ ጻፈች።
ቀዩ ብዕር ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።
ከሥሩ ደግሞ፦ «ወላጅ ሆይ፣ እባክዎ ቤት ውስጥ አያስተምሯት፣
ይደበላለቅባታል።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣
ሦስት ቀን ከመንደሪን ቅጠል ጋር ሲዞር ሰነበተ።
ሦስት ምሽት ካልሲዬን አላወለቅሁም።
ናዚብሮላ አንድም ቃል አልተናገረች፤
ሳህኑን ግን ከወትሮው አብዝታ አንኳኳችው።

በአራተኛው ምሽት ልጄ መጣች፣ ደብተር አልያዘችም።
«ጉራም ታሟል» አለችኝ፣ የትኛው ጉራም እንደሆነ የማውቅ ይመስል።
«ስም ሲጠራ ክፍሉ ዝም ይላል። መምህርት ‹ቀሪ› ብላ ትጽፋለች፤
ስሙን ግን አትሰርዘውም።
ክፍላችን ሃያ አራት ነው፣ ጉራም ባይመጣም ሃያ አራት ነው።»

ከዚያ ግራ እጄን ከጭኔ ሥር ስባ አወጣችው፣
መብራቱ ሥር ዘረጋችው፣
እንደ መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ጠራች፦
«አውራ ጣት!» — አቤት አልኩ።
«ጠቋሚ!» — አቤት።
«መሃል!» — አቤት።
«የቀለበት!»
ዝናቡ ብቻ።
«ቀሪ። ትንሿ!»
ጠበቀች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ትንሽ ጊዜ ሰጠቻት።
«ቀሪ።»
ከዚያ እንደ ሒሳብ ሹም፦
«አራት ሃያ ነን፤ ሁለት ቀሪ።»

ለመምህርቷ መልስ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ።
«ጤና ይስጥልኝ» ካልኩ በኋላ ምን እንደሚባል አጣሁ።
ቴንጎ አንድ ካልሲዬን አፉ ከትቶ ያኝካል።

ነገ መቀነስ ይጀምራሉ አሉ፤
«አሥር ከጎረቤት ተበደር» የሚሉት ነገር አለበት።
እሱንስ አሳምሬ አውቃለሁ።