ብርቱካናማ ሰደርያ

ዘንድሮ ቀበሌው ወረቀት ለጠፈ፤
ማኅተሙ ደብዝዞ፣ ጠርዙ የታጠፈ፦
«ለባለ ቀስቶቹ ጥቅምት ነው በሙሉ፤
አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ሁሉ
ከአባት ጎን ሆነው፣ በአባት ጠመንጃ፣
ወሩ ሲያልቅ ያሉትን ሁለት ቀን ይዋሉ።»
ከሥሩ በስክሪፕቶ ሌላ ሰው የጻፈው፦
«ባለ ቀስት በሙሉ ደማቅ ልብስ ይልበስ፤
ድኩላ መስሎት ልጅ እንዳይቀጥፈው።»

«በሙሉ» ያሉት እኔን ነው።
ከቦርከና ወዲህ፣ ከየጎፍ ወዲያ
ሌላ ባለ ቀስት ታይቶም አይታወቅ።

ቀስቴ ደጋን ነበር፤ እናቴ ዕድሜዋን
ጥጥ ስትነድፍበት፤
እሷ ስታልፍ ጊዜ ከግድግዳ አውርጄ
ጅማት ለወጥኩለት።
ለጋቢ የኖረው ለሥጋ ዋለልኝ።
ያው መንደፍ መንደፍ ነው።

ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት በሽመና ክፍል
ግማሽ ጆሮዬን በልቶ ጡረታ ሲያወጣኝ
በቀረችኝ ግማሽ ዝምታ ፍለጋ
ጫካ ገብቼ ቀረሁ።
ከጥዱ ጋራ ጥድ፣ ከክትክታው ክትክታ።
ዘምዘም እንኳ አንድ ቀን ምሳዬን አንጠልጥላ
በአፍንጫዬ ሥር አልፋ «አራጌ! ኧረ አራጌ!» ስትል
ዝም አልኳት፤ ድኩላ እያየሁ ነበራ።
ምሳውን ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች፤
እስከ ዛሬ በዚያ ታኮርፈኛለች።

እና ዓርብ ማታ ከእህቴ ልጅ ዘንድ
ሰደርያውን ተዋስኩ፤
ሐረጎ ዳገት ላይ አስፋልት ሲጠግን
መኪና እንዳይድጠው የሚለብሰውን፤
ብርቱካናማ፣ ደረቱ ላይ ብርማ ሰንበር ያለበት።
ጫካው አፋፍ ላይ ለበስኩት። አፈርኩ።
ጉሬዛው ከዛፍ ላይ ቁልቁል ሲመለከት
ልጆቹን ጠርቶ ያሳየኝ መሰለኝ።
ዘበኛው እንድሬ «ድኩላ ይህን ቀለም
አይለይም» ይላል፤
ድኩላውን ማን ጠይቆት እንደሆን እንጃ።

ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ መጣ።
ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ነጠብጣብ፣
ጫማውን አውልቆ መስጊድ እንደሚገባ ሰው
እርምጃው የተቆጠበ፤
አፉ ላይ ያልጨረሳት አንዲት ቅጠል።
ደጋኑን ሳብኩ። ጅማቱ ጉንጬን ነካ።
ያኔ ከድኩላው ወዲያ፣ ከአጋሙ ሥር
ክብ ጥቁር ነገር አየሁ፤
አፈሙዝ።
ከአፈሙዙ ኋላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
የይመር ልጅ ቶፊቅ፤
የአያቱ ምንሽር ትከሻውን ውጦት፤
አባቱ ከኋላ፣ መዳፉ ጀርባው ላይ፣
«ትንፋሽህን ያዝ» ሲል በከንፈሩ ብቻ፤
ያቺ ግማሽ ጆሮዬ ሰማችው ልበል?

ሁለት ሕግ፣ አንድ ጫካ፣ አንዲት ቅዳሜ፤
በመሃል ድኩላው፣ ቅጠሉን ሲያላምጥ።
እኔ ብስት ለልጁ፣ እሱ ቢስት ለኔ።

የተጨፈነችው ዓይን ተከፈተች።
ከድኩላው ጀርባ አልፋ፣ ወደ ደረቴ፤
ሰንበሩ ፀሐይ ይዞ ነበርና።
አፈሙዙ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለና
ሣር ነካ።
«ምነው!» አለ አባቱ።
ድኩላው እንደ ውሻ አንዴ ጮኸ፣
ቅጠሉን ጥሎ ሄደ።

ልጁ መጥቶ ቆመ፤ ጉልበቱ ይርዳል።
የእኔም ጣት ከጅማቱ አልላቀቅ ብሎ
በሌላው እጄ እየፈታሁት ነው።
«አየሁዎት ጋሼ» አለኝ፣
ሰው ያልተፈቀደ ነገር አይቶ
ይቅርታ እንደሚጠይቅ።
ምን ይባላል?
አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ጫካ ስኖር
ማንም አይቶኝ አያውቅ።
ይመር አንገቱን ደፍቶ ጥይቱን ሲያወጣ
ጎንበስ ብዬ ያቺን ግማሽ ቅጠል አነሳሁ፤
ገና በምራቅ እርጥብ ናት።
«ግዳይህ ይቺ ናት፤ ፎክርባት» አልኩት።
አልሳቀም። ኪሱ ከተታት።

ቁልቁል ስወርድ ሰደርያውን ረስቼው
አስፋልቱ ዳር ደረስኩ።
አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ያዘ፤
ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
«አባባ፣ የሐረጎ መንገድ ክፍት ነው?» አለኝ።
ደጋኑን ከኋላዬ ደበቅሁና
«ክፍት ነው» አልኩት፤
«ቀስ ብለህ ሂድ ብቻ፣ ልጆች አሉ።»