ሌባ ጣት

የአባቴ ጣት ዘጠኝ።
አሥረኛውን ሁለት ፉርጎ ተሻሙበት፣
መንጠቆ ሲያጋባ፣ በሸመንደፈር ቤት፣
ከሌሊቱ በዘጠኝ።

አውራው አልተነካ፣ መሃሉም፣ ትንሹም፤
የሄደው ሌባው ነው።
ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦
«ሽብሩ፣ ተገላገልክ! ሌባው ወጣልህ፤
የቀሩት ታማኝ ናቸው።»
እሱም አብሮ ይስቃል፣ ፋሻው እየቀላ።
ዛሬም ሁልበት መረቅ እንግዳ እየበላ
«ጣት ያስቆረጥማል!» ሲል፣
«የኔን ባቡር ቀድሞ ቆረጠመው» ይላል።

ሲስተር ፈቲያ ነች ያን ሰሞን የነገረችን፣
ቁስሉን ስታጥበው፣ እኔ ሳህን ይዤ፦
«ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም።
ሦስት አጥንት፣ ቆዳ፣ ጥፍር፣ በቃ።
ጉልበቱ ያለው እዚህ ነው»
ክንዱን ጨበጥ አደረገች፣
«ከዚህ ነው በጅማት የሚሳበው።»

ስለዚህ አሁንም፣
«ታይዋን በየት ነው?» ብሎ መንገደኛ ሲጠይቀው፣
ክንዱ ላይ አንድ ነገር ብድግ ይላል፣
ይወጠራል፣
ጅማቱ ይስባል፤
ፉርጎው የለም።
ሰውየው የተጨበጠ እጅ ያያል፣ ግራ ይገባዋል።
እኔ ግን አውቃለሁ፦
ወደ ቀኝ እየጠቆመ ነው።

ከሐረር ተራራ ደመና ሲወርድ፣
ደቻቱ ሊሞላ ሲል፣ የሌለው ጣት ይበላዋል፤
በሌላኛው እጁ አየሩን ያካል።
እናቴ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።
ልጅ ሆኜ «ቀስተ ደመና ጠቁሞ ነው» ብላኝ ነበር፤
ዓመት ሙሉ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ትናንት ለመታወቂያ ይዤው ሄድኩ።
ልጅቷ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣
«የቀኝ ሌባ ጣት» አለች።
መስታወቱ አረንጓዴ ያበራል።
አባቴ እጁን አስቀመጠ፣ እንዳለ፤
ከብርሃኑ በላይ ምንም የለ።
ማሽኑ ጠበቀ።
«ጠንከር አድርገው ይጫኑ፣ አባቴ።»
ተጫነ።
ክንዱ ላይ ያ ነገር ብድግ አለ፣
ግንባሩን ላብ ወረረው፣
ሠላሳ ዓመት ባቡር የገፋ ሰው
ባዶውን ገፋ፣ ገፋ።

ቀና አለች። አየች።
ሂና ያጠቆረውን የራሷን ሌባ ጣት
ቀስ ብላ መዳፏ ውስጥ አጠፈችው።

«የግራውን ይሞክሩ» አለች።
የግራውን ሰጠ።
ቀኝ ክንዱ ግን ገና እንደተወጠረ ነበር።