ስድሳ ዲግሪ

ጌንት ከተማ፣ ከቦዩ ዳር፣ ሦስት ፎቅ ያላት ጠባብ ቤት፤
ምድር ቤቱ የሊቨን ነው፣ ከጣሪያው ሥር እኔ አለሁበት።

ሁለት ፌሬት ያሳድጋል፣ እንደ ካልሲ የረዘሙ፣
ቀን ቀን የሚተኙ፣ ሲመሽ ያገኙትን የሚቀሙ።
አንዲት ድመት አለች፣ ኩሩ፤ አንድ ውሻ አለ፣ ደንቆሮ፤
እኔም አለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ በንክሻ ተዥጎርጉሮ።

«ቁንጫ ነው» አልሁት። ተቆጣ። «እኔ ቤት? በኅዳር? በብርድ?
በሐምሌ ያልታየ ነፍሳት ዛሬ ከየት ይወለድ?»

አልተከራከርሁትም።
ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ ይዤ፣ ድመቷን አበጥሬ፣
የረገፈውን ጥቁር ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ ቆጥሬ፣
ውኃ አንጠባጠብሁበት።
ብናኙ ሟሟ፣ ቀላ፣ ደም ሆነ።
ሊቨን መነጽሩን ወልውሎ ዐይኑን ጣለበት።

ከቁንጫ ሌጦ የሚያወጣ ንፉግ እያልሁ የማማው ሰው፣
የአራቱን እንስሳት መድኃኒት ዋጋ ሳይጠይቅ ከፈለው።
ሐኪሟ ነግራዋለች፦
«አንዱን አክሞ ሌላውን መርሳት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው፤
ፌሬቴ ከቤት አይወጣም አትበል፣ በሱሪህ ይሆናል ያስገባኸው፤
የውሻው ጠብታ ለድመት መርዝ ነው፣ ለሁሉም እንደየልኩ ስጠው፤
ፌሬቱን አስቀድመህ መዝነው።»

መዘነው! በዱቄት ሚዛን ላይ፤ ፒፕ ፈሰሰ እንደ ሊጥ፣
አንዴ በጣቴ መሐል፣ አንዴ በሊቨን እጅጌ ሲያመልጥ።
ማንኪያ ላይ የዓሣ ዘይት ሲልስ ነው ቁጥሩ የቆመልን፤
ዘጠኝ መቶ አሥር ግራም። «ወፍሯል» ብሎ ሳቀ ሊቨን።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተገለበጠ። ምንጣፍ፣ ትራስ፣ የሶፋው ልብስ፣
የፌሬቶቹ ተንጠልጣይ አልጋ፣ እስከ መጋረጃው ድረስ፣
ሁሉም በስድሳ ዲግሪ ውኃ፤ ማሽኑ ሌሊት ሲያለቅስ።
ግልገሉ በድሩ ተጠቅልሎ፣ ከጣውላ ስንጥቅ ተደብቆ፣
ወራት ይቆያል አሉ፣ ኮቴና የትንፋሽ ሙቀት ጠብቆ፤
እኔ በቫኪዩም ስምግ፣ ሊቨን ከረጢቱን አንቆ አንቆ
ደጅ ያወጣዋል፣ እንደ ሌባ።

በአሥረኛው ቀን የጓዳውን ቁም ሣጥን ከግድግዳው ስናላቅቅ፣
የፌሬቶቹ ጎተራ! ካልሲዬ፣ ቡሽ፣ ቁልፍ፣ ዳቦ ደረቅ፣
ከሁሉ ሥር፣ በብናኝ ተሸፍኖ፣
አንድ የሱፍ ጓንት። የግራ። አረንጓዴ። የሴት።
ሊቨን ወንበር ሳበ፣ ግን አልተቀመጠበት።

ጎዴሊቭ ካለፈች አራት ዓመት። የቀኙ ከካፖርቷ ኪስ ነበረ፤
የግራውን ትራም ላይ ጥላዋለች ብሎ ሲቆጭ ኖረ።
ቁንጫ ከጓንቱ ጣት ዘለለ። እሱ ግን ፊቱን እዚያው ቀበረ።

ስድሳ ዲግሪ ሱፍ ያኮማትራል፣ ሽታም ይገድላል።
ሁለታችንም እናውቃለን። ማሽኑ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ሐኪሟ ዘንድ ደወልሁ። አልሳቀችም። «ይቀዝቅዝ» አለች ቀስ ብላ፤
«በላስቲክ አሽጉት፣ በረዶ ቤት፣ ሁለት ሳምንት ከርሞ ይውጣ ኋላ።»

አሁን ከአተሩና ከዓሣው መሐል፣ በፍሪጁ የላይ በረዶ፣
አረንጓዴ እጅ ተኝቷል፣ ጣቱን ዘርግቶ፣ በላስቲክ ተጋርዶ።
ሊቨን በየጠዋቱ ከፍቶ ያያል፤ ወር በገባም ጊዜ ደግሞ
ፒፕን ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፎ አስቀድሞ።

ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ቆየ፤ አላስታወስሁትም እኔም።
እግሬ ድኗል። ትናንት ፒፕ ካልሲዬን ይዞ ሮጠ።
አልቀማሁትም።